የቆሽት ናሙና ሲወሰድ የቱ የመሳብ ዘዴ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ ቆሽቷ ራስ ላይ እብጠት ተገኝቶባት በኢንዶስኮፒ በአልትራሳውንድ እየታየ ናሙና ይወሰድ ተባለ። ሐኪሙ «ዌት ሳክሽን ነው የምጠቀመው» አለን፣ ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «እኛ ጋ ስሎው ፑል ነው የሚሰሩት፣ እሱ ይሻላል» ብላ ግራ አጋባችን። ሌላ ሆስፒታል እንውሰዳት ወይ?

መልስ፦ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ለዚህ ብላችሁ ሆስፒታል አትቀይሩ፣ ሁለቱም ናሙናውን ወደ መርፌው ለመሳብ የታወቁ አሰራሮች ናቸው።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለሆነ ያለው ኢንዶስኮፑ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) በአፍ ይገባና፣ እብጠቱ እንደ እናትሽ ራሱ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ መርፌው ግድግዳውን አልፎ ነው የሚወጋው። መርፌዋ ባለ 22 ጌጅ (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው) ከሆነች ውፍረቷ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ ውስጧም ስታይሌት የሚባል ቀጭን ሽቦ አለ። ክርክሩ እንግዲህ ሥጋው መርፌዋ ውስጥ እንዴት ይግባ ነው። በድሮው በደረቁ ሳክሽን ሽቦው ይወጣና 10 ሚሊ ሲሪንጅ ተገጥሞ ይሳባል፣ ጉልበት አለው ግን ደምም አብሮ ይመጣል። በስሎው ፑል ሲሪንጅ የለም፣ ሐኪሙ መርፌውን ወደፊት ወደኋላ ሲያደርግ ረዳቱ ሽቦውን ቀስ እያለ ይስባል፣ በጣም ደካማ መሳብ ነው፣ ስለዚህ ደሙ ያንሳል፣ ደረቅ ያለ ጠንካራ እብጠት ላይ ግን ሥጋውም ሊያንስ ይችላል። በዌት ሳክሽን መርፌው መጀመሪያ በሳላይን (በጨው ውሃ) ይሞላል፣ ውሃ እንደ አየር ስለማይለጠጥ የሲሪንጁ ጉልበት ሳይባክን ጫፉ ድረስ ይደርሳል። በ2023 የወጣ ጥናት ስሎው ፑልንና ዌት ሳክሽንን እዛው አንድ በሽተኛ ላይ እያፈራረቀ ሞክሮ ነበር፣ በዌት ሳክሽን የተሻለ ያልተቆራረጠ ሥጋ ተገኘ፣ ደሙም በዛ፣ ለምርመራ በመብቃት በኩል ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ከመሳቡ በላይ መርፌው ራሱ ነው የሚያሳስበኝ። የድሮው መርፌ የተበታተነ ሴል ነው የሚያመጣው፣ አዲሶቹ የባዮፕሲ መርፌዎች ግን ጫፋቸው ሹል ሹል ሆኖ የተሰራ ስለሆነ ሥጋውን ቆርጠው ያወጣሉ፣ ብዙ ጊዜ 2 ወይ 3 ጊዜ መውጋት ይበቃል። ስለዚህ ሐኪሙን «የትኛውን መርፌ ነው የምትጠቀመው? የወጣውን ናሙና እዛው የሚያይ ሰው አለ?» በይው። እናትሽ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ። ከምርመራው በኋላ የቆሽት መቆጣትና መድማት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ኃይለኛ የሆድ ህመም ወይ ትኩሳት ከመጣ ሳታድሩ ተመለሱ። ደግሞ ውጤቱ «ካንሰር አልተገኘም» ቢል፣ የሲቲ ስካን ምስሉ ግን የሚያጠራጥር ከሆነ ናሙናው ሊደገም ይችላል፣ አንዴ ነጻ ተባልን ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

ጥያቄ፦ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም) ነኝ፣ ሲሪንጅ ስጠቀም ደም ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሚቀጥለው ውጊያ ሲሪንጁን ተወውና በስሎው ፑል ሞክር፣ ወይ ወደ ቀጭኑ 25 ጌጅ መርፌ ውረድ። የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ብዙ የደም ሥር ስላለው በተለይ እሱ ላይ ጠንክረህ አትሳብ። በሳክሽን ስትሰራ ደግሞ መርፌውን ከእብጠቱ ከማውጣትህ በፊት የሲሪንጁን ቫልቭ ዝጋ፣ አለዚያ የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ሴል ተስቦ ይገባና ናሙናውን የሚመረምረውን ፓቶሎጂስት ያስቸግረዋል።