ጭምቷም፣ ደንባራዋም፣ ተራጋጯም በቅሎ ስትታመም በምን ትታወቃለች?

ወንድሜ፣ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር የምትጭንባቸው ሦስት በቅሎዎች ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ ሕመማቸውን መለየት እንደቸገረህ ጽፈሃል። እያንዳንዷን የምትለካት በራሷ የደህና ቀን ጠባይ ነው። ስለዚህ ጤነኛ እያሉ፣ ጠዋት ሳይጫኑ፣ ጥላ ውስጥ ቆመው ልካቸውን ያዝ። ትንፋሽ በደቂቃ ከ8 እስከ 20 ገደማ፣ የልብ ምት ከ28 እስከ 44 ገደማ፣ ሙቀት ከ37 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ድዷን በጣትህ ተጭነህ ስትለቅ ሮዝ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ምን ያህል እንደምትበላና ፋንድያዋ ምን እንደሚመስልም እወቅ።

ከሦስቱ ይበልጥ የምትሰጋላት ጭምቷ ትሁን። ስትታመም ያው ዝምታዋ ስለሚጨምር «ገራም ናት» እየተባለ ቀኑ ያልፋል። በሆድ ቁርጠት ፈረስ ይንከባለላል፤ በቅሎ ግን አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ወደ ጎን ጥላ፣ ከጓደኞቿ ተነጥላ ከመቆም ሌላ ምንም ላታሳይ ትችላለች። ገንዳው ላይ አፏን አድርጋ የምትበላ መስላ ሳለ ድርቆሹ የማይቀንስበት ጊዜም አለ። ስለዚህ አፏን ሳይሆን የተረፈውን መኖ ተመልከት። ፋንድያዋ ከወትሮው በግማሽ ከቀነሰ፣ ከደረቀ ወይም በንፍጥ መሰል ነገር ከተሸፈነ የዕለቱን ጭነት ተው። በተለይ ወፍራም በቅሎ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ደም ይለቀቅና ጉበቷን ይጎዳል። እሷን ለነገ አታሳድር።

በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ እንዲሉ፣ ደንባራዋን ሰው ከብቦ ከመረመራት ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። መጀመሪያ ሳትቀርባት ከርቀት ሽንጧን እያየህ ትንፋሿን ሙሉ ደቂቃ ቁጠር። ከዚያ የምታውቀው ሰው ይያዛት፤ 10 ደቂቃ ጠብቀህ ከመንጋጋዋ አጥንት ስር ባለው የደም ስር ምቷን ቁጠር፣ ከሌላ 10 ደቂቃ በኋላ ድገመው። ፍርሃት ከሆነ ይወርዳል፤ ሕመም ከሆነ እዚያው ይቆያል። ተረጋግታም ከ60 በላይ ከሆነ አስቸኳይ ነው። ጆሮዋን የማታስነካ የነበረችው ድንገት ለማንም እጅ ከሰጠች አትደሰት፤ አቅም አጥታ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ጎን ብቻ መደንበር ከጀመረች ደግሞ የዚያን ጎን ዓይን እይ፦ እንባ፣ ጭጋግ፣ መጨፈን።

ተራጋጯ መቼና የት ስትነካ እንደምትራገጥ ለይ። ሁልጊዜ ከሆነ ጠባይ ነው፤ የሆድ ማሰሪያው ጠፍር ሲጠብቅ ብቻ ከሆነ ግን ጀርባዋን መርምር። ጭነት እንዳወረድህ ከድብዳቡ ስር ላብ ያራሰው ቦታ መካከል ደረቅ ሆኖ የቀረ ካገኘህ ኮርቻው እዚያ ላይ እየጫናት ነው፤ ገጣባ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከትከሻዋ አናት እስከ ወገቧ በጣትህ ጫፍ ቀስ እያልህ ተጫን፤ ቆዳዋ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጎንበስ ካለች ቁስሉ ሳይወጣ አሳርፋት። ድብዳቡን በቁስሉ ልክ ቀድዶ መጫን ጫናውን ወደ ቁስሉ ዳር ያዞረዋል እንጂ አያድንም። ልጓም ሲገባ ጭንቅላቷን ከወረወረች ጥርሷ ሾሎ ጉንጯን እየቆረጠ ይሆናል፤ ያኘከችውን ሣር ትተፋለች። የፎገራ ረግረግ ላይ የምትውል ከሆነ ሰኮናዋን በየማታው ጠርገህ አሽትት፤ ጥቁር፣ የሚገማ ነገር ካለ ደረቅ መሬት ላይ አሳድራት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ለይ፦ ገራሟ ድንገት መናከስ ከጀመረች፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃታት የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። «የሆነ ነገር ተቀርቅሮባት ይሆናል» ብለህ እጅህን አፏ ውስጥ አትክተት። ለይተህ እሰር፣ ለወረዳው እንስሳት ጤና አሳውቅ። ለሃጯ ቁስል ላይ ወይም ዓይንና አፍ ውስጥ የገባበት፣ ወይም የተነከሰ ሰው ቦታውን 15 ደቂቃ አጥቦ (ቁስሉን በሳሙናና በውኃ) ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ።

በጣና ዳርና በጅረቶቹ የሚያጠጣ ሰው አልቅትን መርሳት የለበትም። ከአፍንጫ ወይም ከአፍ ቀጭን ደም፣ ሳል፣ ራስን መነቅነቅ ካየህ የምላሷን ስርና አፍንጫዋን በባትሪ እይ። ጠልቆ የገባውን ባለሙያ ያውጣው፤ ውኃውን በጨርቅ አጥልለህ በባልዲ ብታጠጣ ግን ቀድሞውንም አይገባም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከዓይኗ በላይ ያለው ጎድጓዳ አብጦ ትኩሳት ከያዛት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይጠረጠራል፤ በጥቃቅን ዝንቦች ይተላለፋል። እግርና ደረት ላይ ተራ ተከትለው የወጡ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ካሉ ደግሞ ለብቻዋ አስቀምጣት፤ ድብዳብና ጠፍሯን ለሌሎቹ አታውል።

ባለሙያ እስኪመጣ ዘይት ወይም መድኃኒት በጠርሙስ በአፍንጫዋም ሆነ በአፏ አታፍስስ፤ ሳንባዋ ገብቶ ሊገድላት ይችላል። የከብት መድኃኒትም በግምት አትስጣት። ስትደውል ትንፋሿን፣ ምቷን፣ ሙቀቷን፣ መጨረሻ የበላችበትንና ፋንድያ የጣለችበትን ሰዓት ንገረው፤ እንዲሁም «በወትሮዋ ተራጋጭ ናት» ወይም «ደንባራ ናት» በለው፤ ምርመራውን የሚጀምርበትን መንገድ ይለውጣል።