የሰርጉ ዝናብ የት ሄደ?

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የቤተሰቤን የቪኤችኤስ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ኖይዙን፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ፣ ማጽዳቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። እንዴት ላፍጥነው?» አለኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ካሴት የሚገለበጥበት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንዲት እናት የሰርጋቸውን ካሴት አመጡ። ሰርጉ በሚያዝያ ነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ካፊያ ይጥል ነበር። አባትየው ጋቢያቸውን አውልቀው ከራሷ በላይ ዘረጉላት። ካሴቱ ብዙ ታይቶ አርጅቷል፤ ምስሉ በነጠብጣብ ይፈላል። በቤቱ ልማድ ኖይዝ የሚያጠፋው ፊልተር እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ካሴቱ እየተጫወተ እዚያው ተጣራ። ጥሬው አልተቀመጠም። ውጤቱ ኩልል ያለ ነበር።

እናትየው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «ዝናቡስ?» አሉ።

ዝናቡ የለም። አንድ ሽማግሌ በደረቅ ቀን ጋቢ ዘርግተው ይሄዳሉ። የነጠላው ጥለትም ተድበስብሷል። እንደገና እንገልብጠው ሲባል ዴኩ፣ ማጫወቻው፣ ካሴቱን በላው፤ ያውም እዚያው ቦታ ላይ። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ፊልተሩ ተከታታይ ፍሬሞችን፣ ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች፣ ያስተያያል። በአንዱ ታይቶ በሚቀጥለው የጠፋውን ነጥብ ኖይዝ ነው ብሎ ይጠርገዋል። የዝናብ ጠብታም እንዲሁ ነው።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። የዛሬ ልጆች ሥራ ሲከብዳችሁ መጀመሪያ የምታስቡት አዲስ ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነው። ይረዳል፣ አልክድም። ግን ሒሳቡን እዩት፦ በፓል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚይዘው በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ የተቀዳ የ1 ሰዓት ካሴት 90,000 ፍሬም ነው። በሰከንድ 5 ፍሬም የሚያጣራ ኮምፒውተር 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ምስሉን አስቀድማችሁ ከ720 በ576 ወደ 1440 በ1080 ካሳደጋችሁት የፒክስሉ ብዛት ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ብዙዎቻችሁ ሌሊቱን የምታቃጥሉት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አጣሩ፣ ከዚያ አሳድጉ። ዲኢንተርሌስ ያደረጋችሁትን፣ ማለትም በየተራ መስመር የተቀዳውን ምስል ወደ ሙሉ ፍሬም የቀየራችሁትን፣ ለብቻው አስቀምጡት፤ ፊልተሩን በቀየራችሁ ቁጥር ከዜሮ አትጀምሩ። ሙከራውንም 20 ሰከንድ በምታህል አስቸጋሪ ቦታ ላይ አድርጉት፤ ጭፈራ ወይም ዝናብ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው።

ፊልተሩን ብዙ አትክፈቱት። ለቀለሙ ግን አልራራም። ቪኤችኤስ ቀለምን የሚይዘው በጣም በሻካራው ስለሆነ፣ ቀለሙን ጠንከር አድርጋችሁ ብታጸዱት የፊት መስመርም ሆነ የጥለት ክር አይጠፋም። ብርሃኑን በስሱ ከነካችሁት ደግሞ ቀለል ያለ፣ ፈጣን ፊልተር ይበቃችኋል።

ዴክ ያለው ሰው ካሴቶቹን በሙሉ አሁኑኑ በጥሬው ይገልብጥ። የጃፓኑ ኩባንያ ፉናይ እንኳ ዴክ ማምረት ካቆመ ቆየ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ማጣራቱ የዛሬ ዓመትም ይደርሳል።

የልጁ ካሴቶች ግማሾቹ ከአሜሪካ የተላኩ ናቸው። ድሮ እንዲህ ያለው ካሴት በእኛ ዴክ ወይ ጥቁርና ነጭ ይሆናል ወይ ይንሸራተታል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑን ይደበድባል። እነዚህ በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በኤንቲኤስሲ፣ የተቀዱ ናቸው። ወደ ፓል ሳትቀይሯቸው በራሳቸው በሰከንድ 29.97 ፍሬም አጣሯቸው።