የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከማያሚ ቢሚኒ በሸራ ጀልባ፣ ያውም በሰሜን ነፋስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምንኖረው ፍሎሪዳ ነው፣ ባለቤቴ በሸራ የምትሄድ አንድ አሮጌ ጀልባ ገዝቶ ጃንዋሪ ላይ እኩለ ሌሊት ከማያሚ ተነስተን ወደ ባሃማስ ወጣን። ቢሚኒ በምትባለው የባሃማስ ደሴት ላይ ጓደኞቻችን ሆቴል ይዘው ይጠብቁን ነበር። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምናምን ቆንጆ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ማዕበሉ ከጎን እየመጣ ሲያላጋን እኔ እታች ገብቼ ወለሉ ላይ ተኝቼ እስኪነጋ ሳስመልስ አደርኩ፣ እሱ ደግሞ ብቻውን መሪ ይዞ አደረ። የአየር ትንበያ አፑ እኮ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሰሜን ነው ነበር ያለው፣ ወጀብ አይደለም! ታዲያ ለምን እንደዛ ሆነ? መመለስስ አይቻልም ነበር? አሁን ደግሞ ድጋሚ እንሂድ እያለ ነው፣ እምቢ ብል አበዛሁት?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ገባችሁ እህቴ። አፑ አልዋሸም፣ ችግሩ ነፋሱ ከየት ነው የሚለው ላይ ነው። በማያሚና በቢሚኒ መሀል ገልፍ ስትሪም የሚባለው የሞቀ ውሃ ጅረት ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ መሀሉ ላይ በሰዓት 5 ወይ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ነፋስ ከሰሜን ሲመጣበት ሁለቱ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፣ ጋቢ ከሁለት ጫፍ ሲገፉት እንደሚሸበሸበው ውሃው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ይሆናል፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ያው 30 ኪሎ ሜትር ከደቡብ ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ላትጽፊልኝ ትችያለሽ። ለዚህ ነው እዛ አካባቢ የሚቀዝፉ ሰዎች ትንበያው ላይ ሰሜን የምትል ነገር ካለች፣ ሰሜን ምሥራቅም ሆነ ሰሜን ምዕራብ፣ አንወጣም የሚሉት። እንደ ጃንዋሪ ባለው የብርድ ወቅት ደግሞ ቀዝቃዛ አየር በየጊዜው ከሰሜን ስለሚወርድ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ።

እኔ ባልሽን የምወቅሰው በነፋሱ ሳይሆን በሆቴሉ ነው። ሰው እየጠበቀን ነው ተብሎ ባህር አይወጣም፣ ጓደኞቻችሁ ቢሚኒ ላይ ዓሣ እየበሉ ሁለት ቀን ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ?

መመለስ ይቻል ነበር፣ ግን ገና ሲጀምራችሁ። መንገዱ በሙሉ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው፣ እንደናንተ ያለች ጀልባ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ብትሄድ አሥር ሰዓት ማለት ነው፣ መሀሉ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ብትዞሩም ያው ማዕበል በሌላኛው ጎናችሁ ይመጣል እንጂ ምንም አታተርፉም። በዛ ላይ ጅረቱ ዝም ብሎ ወደ ሰሜን ይወስዳችኋል፣ አስቀድሞ ወደ ደቡብ አዘንብሎ ያልነዳ ሰው ሲነጋ ቢሚኒን ሊያጣት ይችላል።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር ግን አለ፣ ለኔ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው፦ ባልሽ ሌሊቱን ብቻውን ሲያድር በገመድ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ ነበር? አንቺ እታች ተኝተሽ እሱ ቢወድቅ አውቶፓይለት (በራሱ መሪ የሚይዝ መሣሪያ) ካለ ጀልባዋ ዝም ብላ ትቀጥላለች፣ አንቺ ደግሞ የምታውቂው ስትነቂ ነው፣ በጨለማ ውሃ ላይ የሰው ጭንቅላት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ እንኳን ለጀማሪ ለባለሙያም ከባድ ነው። ስለዚህ ላይፍ ጃኬቱ ላይ የሚታሰር ቀበቶና ገመድ ይገዛ፣ ለሁለታችሁም። ከጨለመ በኋላ ሳይታሰር ከውስጥ የሚወጣ ሰው አይኑር፣ ሽንት መጣብኝ ብሎ ጫፍ ላይ መቆምም አይፈቀድም በይልኝ።

ማስመለሱ ድክመት አይደለም። እታች ዓይንሽ የሚያየው ግድግዳ አልተንቀሳቀሰም ሲል ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ደግሞ ተገለበጥን ይላል፣ አንጎልሽ ይምታታበታል፣ በቃ። እሱን ያዳነው ጀግንነት ሳይሆን ውጪ መሆኑና መሪ መያዙ ነው። አየር እያገኘሽ፣ ሩቅ እያየሽ፣ ተራ ይዘሽ ብትነጂ ይሻልሻል።

እምቢ ማለት ላልሽው፣ ጭራሽ አልሄድም ከምትዪ ሜይ ወይ ጁን ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ለስለስ ብሎ ሲነፍስ ብትሄዱ ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ ስምምነት ይኑራችሁ፦ ጀልባዋ ወደብ ላይ የታሰረችበት ገመድ ከመፈታቱ በፊት ከሁለት አንዳችሁ ዛሬ ይቅር ካላችሁ ይቀራል፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ ኩርፊያም የለም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት ነው የሚወሰደው፣ ከጀመረሽ በኋላ ሆድሽ ውስጥ አይቆይም። ፋርማሲስት ጠይቂና መጀመሪያ ቤትሽ ሆነሽ ሞክሪው፣ አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ በእንቅልፍ ስለሚያደርገው ተረኛ ሆነሽ መሪው ላይ እንዳታንኮራፊ።