«ነቅቷል» ብላችሁ አትላኩት

ልጆቼ፣ በቀደም ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ የአንስቴዢያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ተማሪ «ጋሼ፣ የኦክስጅን መለኪያው 97 እያሳየ ሰው እንዴት ትንፋሹ ቆሞ ይሞታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መለኪያው የሚያሳየው ደም የያዘውን ኦክስጅን እንጂ አተነፋፈስን አይደለም። የኦክስጅን ጭምብል የተደረገለት ሰው በደቂቃ አምስት ጊዜ ብቻ ቢተነፍስም ቁጥሩ ለጊዜው ያማረ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ውስጥ ውስጡን ይጠራቀማል። ይህን መለስኩለት። ማታ ግን አንድ የጥንት ታማሚ ትዝ አለኝ።

ከባሕር ዛፍ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ ጎልማሳ ነው። የላይኛው የደም ግፊት 80፣ እጅ እግሩ በረዶ። ፔቲዲን የሚባለውን ብርቱ ማስታገሻ፣ የሞርፊንን ዘመድ፣ 100 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ ተወጋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ይጮኻል። «አልያዘውም» ተባለና 50 ተጨመረ፣ እንዲረጋጋም ዳያዜፓም 10 ሚሊግራም በደም ሥር ተሰጠው። ያልያዘው ግን አንሶ አልነበረም። ግፊት ሲወርድ ሰውነት ደሙን ከጡንቻ ሸሽጎ ለልብና ለአንጎል ያደርገዋል፤ የተወጋው መድኃኒት እዚያው ጡንቻ ውስጥ ተኝቷል። ሁለት ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) በደም ሥር ገብቶ ግፊቱ 110 ሲደርስ፣ እግሩ ሞቀ፤ ያኔ ሁለቱም የፔቲዲን መርፌ ባንድ ላይ ደም ውስጥ ገባ። ትንፋሹ በደቂቃ 6 ሆነ። የዓይኑ ብሌን ስላልጠበበ ማንም ፔቲዲኑን አልጠረጠረም፤ ፔቲዲን እንደ ሞርፊን ብሌንን ላያጠብ ይችላል።

የአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ሜዱላ ላይ፣ ፕሪ-ቦትዚንገር የሚባሉ የነርቭ ሴሎች የትንፋሽን ምት ይመታሉ። (ስሙ ከጀርመን ወይን የተወሰደ ነው፤ የአረቄ አገር ልጅ አይረሳውም።) እነ ፔቲዲን እዚያ ያሉትን ሚዩ ተቀባዮች (መድኃኒቱ የሚጣበቅባቸውን የሴል በሮች) ይዘው ምቱን ያዘገዩታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ «ተንፍስ» የሚለውንም ጥሪ ያደነዝዛሉ። ዳያዜፓም በሌላ በር፣ በጋባ ተቀባይ በኩል ይገባና ያባብስበታል። አረቄም እንደዚያው ነውና፣ ታማሚው ቀምሶ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትውጉ።

የእነ ፔቲዲንን ሥራ የሚሽረው ናሎክሶን 0.4 ሚሊግራም ባንድ ጊዜ በደም ሥር ተገፋ። ብድግ አለ፣ ሕመሙ ሁሉ ተመለሰበት፣ ግፊቱ 190 ገባ። «ነቅቷል፣ ይሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ፔቲዲን ከዚያ ይቆያል፤ ዳያዜፓምን ደግሞ ናሎክሶን ጭራሽ አይነካውም። አምቡላንሱ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ናሎክሶኑ አለቀ። አብራው የሄደችው ነርስ እንቅልፍ የወሰደው መሰላት። ጎሐ ጽዮን በሕይወት አልደረሰም።

መጀመሪያ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት) ነው፣ የናሎክሶን መርፌው ቀጥሎ ይመጣል። አንዱን የ0.4 አምፑል በሳላይን 10 ሚሊሊትር ሙሉት፤ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሊትር ስጡ። ትንፋሹ ከ10 ካለፈ ይበቃል፣ እንዲያወራችሁ አትጠብቁ። ግፊቱ ወርዶ ለቀዘቀዘ ሰው ጡንቻ ላይ አትውጉ። በሕመም ይሙት ማለቴም አይደለም፦ ሞርፊን በደም ሥር 2 ሚሊግራም፣ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ግፊቱንና ትንፋሹን እያዩ መድገም ነው። ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ካላችሁ ለእንዲህ ያለው ታማሚ ይሻላል፤ ትንፋሽንም ግፊትንም ይደግፋል፤ በፍጥነት ከገፋችሁት ግን እሱም ትንፋሽ ያቆማል።

የዛሬ ልጆች ዓይናችሁ ከስክሪን አይነቀልም፤ ትንፋሽ የሚቆጥር ጠፋ። እኛ እንቆጥር የነበረው ግን መለኪያ ስላልነበረን ነው። ሳንቆጥር «20» ብለን የጻፍንበት ሌሊትም ነበር።

የደም ግፊትም ከዚያው ከአንጎል ግንድ ነው የሚታዘዘው። ግፊት የሚያወርዱት ሜቲልዶፓና ክሎኒዲን እዚያ አልፋ-2 ተቀባይን ነክተው ወደ ልብና ደም ሥር የሚወርደውን ትእዛዝ ያላሉታል። ሜቲልዶፓ ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈልግ ግፊቷ 170 ለገባ ነፍሰ ጡር ክኒን ሰጥታችሁ አትቀመጡ፤ ፈጥኖ ግፊት የሚያወርደውን ሃይድራላዚን 5 ሚሊግራም በደም ሥር፣ በቀስታ ስጡ። ክሎኒዲንንም ባንዴ የሚያቋርጥ ሰው ግፊቱ ከበፊቱ ብሶ ይመለስበታል።

ናሎክሶን የወሰደን ሰው የምትልኩ ከሆነ የሰጣችሁበትን ሰዓት ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ ሁለት አምፑልና አምቡ ባግ አስይዙ። ደጀን ላይ መኪናውን አስቁሙና ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ10 በታች ከሆነ ቁልቁለቱን አትጀምሩ።