ስለ ቦርከና ፍሳሽ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴም የኮምቦልቻም ሰዎች። ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነው፤ ብዙ ዓመት የወንዝ ውሃ በጠርሙስ ስቀዳ ኖሬያለሁ። ወደ ቦርከና ወንዝ ስለሚገባው የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ያላችሁን ጠይቁ። አደራ፣ «ውሃው ችግር አለው ወይ?» ብቻ አትበሉኝ። የቱ ወንዝ፣ የት አካባቢ፣ ለምን እንደምትፈልጉት ጻፉ።

የልጆች እናት፦ ጋሼ፣ ቧንቧ ሲጠፋ ከወንዝ እንቀዳለን። አፍልቼ ለልጆቼ ብሰጥስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል። ኮሌራም ታይፎይድም ከፈላ ውሃ አይተርፉም። ከፋብሪካ የሚመጣ መርዛማ ብረት ግን በማፍላት አይወጣም። ክሮሚየሙም እርሳሱም እዚያው ድስት ውስጥ ነው። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። ከፋብሪካ በታች የተቀዳ ውሃ ከሆነ አፍልተሽም አትስጫቸው።

ታዛቢ፦ ውሃው ችግር አለው?

መልስ፦ የቱ ውሃ? ከላይ ለምኜ ነበር።

ተማሪ፦ የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ እኮ ገብስ ነው፣ መርዝ የለውም። ታዲያ ዓሣ ለምን ይሞታል?

መልስ፦ ጎበዝ። አንድ ሳህን ውሃ ላይ ሁለት ጭልፋ አተላ ጨምረህ ሦስት ቀን አስቀምጠው። ይጠቁራል፣ ይገማል። አተላው መርዝ ሆኖ አይደለም። ጀርሞች እየበሉት ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለጨረሱት ነው። ወንዝ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ7 ብዙም አያልፍም። ብዙ ዓሣ ደግሞ ከ5 በታች ሲወርድ ይጨነቃል። የእኛ ወንዝ ከመነሻውም ትርፍ ትንፋሽ የለውም ማለት ነው። በበጋ ውሃው ሲቀጥን የቤት ፍሳሽ ብቻውን ሊያፍነው ይችላል።

የሆጤ ልጅ፦ ወራጅ ውሃ አይደል? ወስዶት ይሄዳል።

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ወዴት ነው የሚወስደው? ቦርከና ከደሴ ተነስቶ የዶሮ መዝለያን ገደል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉትን ወንዞች ይቀበላል፣ ከዚያ ጨፋ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የለቀቅነው ሁሉ ከብት በሚጠጣበት፣ ሽንኩርት በሚበቅልበት አገር ውስጥ ይቀራል።

እዚያም ሳይደርስ የሚቀር አለ። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ሲለፋ በክሮሚየም ጨው ይነከራል። በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ቆዳው ሳይጠጣው ከውሃው ጋር ይወጣል። ማጣሪያ ካልያዘው ወንዙ ሥር ካለው ደለል ጋር ይጣበቃል። ለዮሌ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ክሮሚየሙን በውሃውም በደለሉም አግኝተውታል። አንድ ቀን ወንዝ ውስጥ ቆሜ የላዩን ጠጠር ገለጥ አደረግሁት። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ከሥሩ የወጣው ጭቃ ግን እንደ ከሰል ጥቁር ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ክረምት ጎርፉ ሲመጣ ያን ጭቃ አንስቶ ማሳ ላይ ይደፋዋል። ኩልል ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም።

የሰኞ ገበያው፦ ይሄ ሁሉ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጣጣ ነው። ደሴን አትንኩ።

የኮምቦልቻው፦ ምን ማለትህ ነው? ዝናብ ጠብቃችሁ ሽንት ቤታችሁን የምትለቁት እነማን ናችሁ? ወርዶ ወርዶ እኛ ደጃፍ ነው የሚደርሰው።

የሰኞ ገበያው፦ ሽንት ቤት ክሮሚየም የለውም።

የኮምቦልቻው፦ ፋብሪካውም ኮሌራ የለውም!

የጨፋ ገበሬ፦ እናንተ ተጨቃጨቁ፣ የምንጠጣው እኛ ነን።

መልስ፦ ይብቃ። ከደሴ ጀርም፣ ከኮምቦልቻ ብረትም ጀርምም ይወርዳል። ጨፋ ሁሉንም ይቀበላል። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

የጨፋ ገበሬ፦ እኔም ልጠይቅ። በበጋ ያለን ውሃ እሱ ብቻ ነው። ቆስጣና ሽንኩርት አጠጣበታለሁ። ልተወው?

መልስ፦ ተው ብልህ ምን ትበላለህ? ቅጠሉ ላይ አትርጨው፣ በቦይ ሥሩን አጠጣ። ከመልቀምህ በፊት አንድ ሳምንት ውሃውን አቁም፤ ፀሐዩ አብዛኛውን ጀርም ይገድለዋል። ብረት ግን ፀሐይ አይገድለውም። እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያለ ቅጠል ከበቆሎ ፍሬ ይልቅ ብረት ይሰበስባል። ከቻልክ በዚያ ውሃ ቅጠል አታልማ። የወንዙን ደለል ደግሞ ማዳበሪያ ነው ብለህ እርሻህ ላይ እንዳትጨምር።

ከብት አርቢ፦ ላሜ ጨነገፈች። ከውሃው ይሆን?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዳት። እኔ የውሃ ሰው ነኝ።

ጀማል፦ ውሃ አጋር ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ውሃ አጋር ክሎሪን ነው። ጀርም ይገድላል፣ ብረት አያወጣም። እባካችሁ የላዩን አንብቡ።

የጠበቃ ተማሪ፦ ሕግ የለም እንዴ?

መልስ፦ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። ማንም ሰው፣ እኔ ተጎዳሁ ሳይል፣ የሚበክለውን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቤቱ ቁጭ ብሎ «ሕግ የለም» የሚል ሰው ያናድደኛል።

የወንዝ ዳር ነዋሪ፦ እኛ ሰፈር ቀን ቀን ንጹሕ ነው። ሌሊት ቀለሙ ይቀየራል፣ አረፋ ይይዛል። መርማሪዎች ጠዋት መጥተው ቀድተው «ምንም የለበትም» አሉን።

መልስ፦ ያመናችሁትን አትተዉ። የሌሊት ፍሳሽ በጠዋት ጠርሙስ አይያዝም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት መቀዳት አለበት። ካልሆነም ደለሉን ያስመርምሩ። ውሃው አልፏል፣ ጭቃው ግን እዚያው ነው።

የወንዝ ዳር ነዋሪ፦ ቅዳሜ ቢመጡልን? ወጣቶች አሉን።

መልስ፦ እመጣለሁ። ከቱቦው በላይ አንድ፣ ከቱቦው በታች አንድ ቦታ ምረጡ። ለብረት ምርመራ የፕላስቲክ ጠርሙስና ናሙናው እንዳይለወጥ የሚጨመረውን አሲድ እኔ አመጣለሁ። ለጀርም የሚሆን በረዶ ያለበት ሳጥን ፈልጉ፣ በዚያው ቀን ላብራቶሪ መድረስ አለበት። አካፋም ያዙ፣ ለጭቃው።