የልደት ቀኑ መንገድ ላይ ለምን ተዛባ?

ጥያቄ፦ በክልል ቢሮ የሲስተም ባለሙያ ነኝ። የፈቃድ ሲስተማችን ከሌላ መሥሪያ ቤት ሲስተም ጋር በኤፒአይ (ሲስተሞች መረጃ በሚለዋወጡበት መገናኛ) ሊገናኝ ነው፤ ስፔሲፊኬሽኑን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በሙከራ ጊዜ መረጃው ያልፋል፤ ግን የአንዳንድ ሰው የልደት ቀን ተዛብቶ ይደርሳል፣ ስሙም ከመዝገቡ ጋር አይመሳከርም። ሰነዱ ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ሰነድ ስለ ሰርቨርና ኔትወርክ ብዙ ገጽ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፊልድ (አንድ መረጃ የሚገባበት ቦታ) ምን እንደሚይዝ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። የእርስዎም ችግር ከዚያ የመጣ ይመስለናል።

ከቀኑ እንነሣ። ጥቅምት 30 ቀን 1985 «1985-02-30» ተብሎ ሲላክ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ተቀባዩ ይመልሰዋል። ይህ ስሕተት ወዲያው ስለሚታይ ብዙ አይጎዳም። የሚያስፈራው «1985-06-12» ነው፤ የካቲት 12 ተብሎ የተላከው ጁን 12 ሆኖ ዝም ብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ በሲስተሞቹ መካከል የሚያልፍ ቀን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል እንዲሆን ይደንግጉ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ይሁን። ሰዓትም የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት እንደሚቀድም ከሚያሳየው «+03:00» ጋር ይላክ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 08:00 ነው። ስምንት ዓመት ደምሮ ወይም ቀንሶ የሚቀይር ኮድ ካገኙ ያስወግዱት፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት ነው። እነዚህን የሙከራ ቀኖች ከሰነዱ ጋር ያያይዙ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 = 2023-09-11፤ መስከረም 1 ቀን 2016 = 2023-09-12፤ መስከረም 1 ቀን 2017 = 2024-09-11። ሦስቱንም ያላለፈ ሲስተም አይገናኝ።

ስም በሦስት ፊልድ ይቀመጥ፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ርዝመቱን በባይት (በኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ሳይሆን በፊደል ብዛት ይወስኑ። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 30 ባይት የተመደበለት ፊልድ ከ10 ፊደል በላይ አይቀበልም። ኃይሉ፣ ኀይሉና ሀይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ (ከነ ሃ፣ ሓ፣ ኃ) እንዲሁም ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት የፍለጋ ፊልድ ለብቻው ይኑር። ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን ፈጽሞ አይነካ።

ሰውን ለማመሳከር በስም አይመኩ፤ በፋይዳ (በብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ያድርጉት። ቁጥሩ በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጥ። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ ባለ 16 አሃዝ መለያ እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል፤ የተበላሸውም ተመልሶ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲቋረጥ አንድ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ላኪው ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ልዩ መለያ ይስጥ፤ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ደግሞ ሲልክም ያንኑ መለያ ይጠቀም። ተቀባዩ መለያውን ቀድሞ ካየው አዲስ መዝገብ ሳይከፍት የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። መለያው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሰነዱ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ መብራትና ኔትወርክ ለቀናት በሚጠፋባቸው ወረዳዎች ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ማቆየት አይበቃም።