ሰርተፍኬቱ መጥቷል፤ እጁስ?

ሰሞኑን ከጤና ባለሙያዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ በኦንላይን፣ ግማሹ በሥራ ቦታ ስለሚሰጥ ሥልጠና ናቸው። ረጅሞቹን አሳጥሬ፣ ምሬታቸውንም ቀነስ አድርጌ አቅርቤያቸዋለሁ።

የሥልጠናውን ቪዲዮ በእጥፍ ፍጥነት ማየት ነውር አለው?

የለውም። የመድኃኒት መጠን ስሌት ላይ ሲደርሱ ብቻ ወደ ሰው ፍጥነት ይመልሱት።

አንዲት ነርስ የልብና የሳንባ ማነቃቃት (ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ የመርዳት) ሥልጠናን በኦንላይን ጨርሳ ፈተናውን ያለ አንድ ስህተት አልፋለች። የተግባር ልምምዱ «ሰው ስለሌለ» ተሰርዟል፤ ሰርተፍኬቱ ግን መጥቷል። «ይበቃኛል ወይ?» ትላለች።

አይበቃሽም፣ እህቴ። ጥፋቱም ያንቺ አይደለም።

የኦንላይን ትምህርትን ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ እንዳሳየው በበይነ መረብ የተማሩ የጤና ባለሙያዎች ውጤት ምንም ካልተማሩት እጅግ የተሻለ፣ በሌላ መንገድ ከተማሩት ጋር ደግሞ ተቀራራቢ ነው። የአዋቂ ደረት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ6 ሳያልፍ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንደሚጫን አንቺም በቃልሽ እንደምትይው አልጠራጠርም።

ችግሩ ያለው ክርን ላይ ነው። ለልምምድ በሚያገለግለው ሰው መሰል አሻንጉሊት ፊት የሚንበረከክ ሰልጣኝ ሁሉ ቁጥሩን ያውቃል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ክርኑ ይታጠፋል፣ ግፊቱ ይሳሳል፤ ክብደቱን ደረቱ ላይ እንደጣለ ደረቱ ወደ ቦታው ሳይመለስ ቀጣዩን ይጫናል። ልብ በደም የምትሞላው ደግሞ ደረቱ ሲመለስ ነው። ሰልጣኙ ይህን አያስተውልም፤ ጥያቄና ምርጫ የሚያቀርበው ኮምፒውተርም አያየውም። አጠገቡ ቆሞ «ክርንህን ዘርጋ፤ ደረቱን ልቀቀው» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ጆርጅ ሚለር የተባለው የሕክምና ትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ብቃትን በአራት እርከን ከፍሎታል፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በሥራ ላይ መፈጸም። ያንቺ ፈተና ከሁለተኛው እርከን አላለፈም። ሰርተፍኬቱ ግን ሦስተኛውንም የወጣሽ ያስመስላል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ለኃላፊሽ ይህን ንገሪልኝ፦ ሰው ከጠፋ ሙሉ ቀን መያዝ የግድ አይደለም። አሻንጉሊቱ ከመጋዘን ወጥቶ ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል አቅራቢያ ይቀመጥና ተረኞች ሲቀያየሩ ጥቂት ደቂቃ ይለማመዱበት። የእጅ ችሎታ ካልተደገመ በወራት ውስጥ መድከም ይጀምራል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚደረግ አጭር ልምምድ በሁለት ዓመት አንዴ ከሚደረግ ረጅም ሥልጠና ይሻላል። እስከዚያው ግን ብቁ አሠልጣኝ በዓይኑ አይቶሽ ሳይፈርምልሽ በማነቃቃት ቡድኑ ስም ዝርዝር ውስጥ አትግቢ። ይህን እንደ ምክር ብቻ አትውሰጂው፤ አደራ እልሻለሁ። ብቻሽን ሳለሽ የታካሚ ልብ ቢቆም ደግሞ እርዳታ ጠርተሽ መጫን ጀምሪ፤ የተጓደለም ቢሆን ካለመጫን ይሻላል።

አንድ አንጋፋ ሐኪም፣ ኮምፒውተር ስለሚያስቸግራቸው የኦንላይን ፈተናውን ልጃቸው ቢሠራላቸው ምን እንዳለበት ይጠይቃሉ።

እንግዲያው ሌሊት ሲደወልልዎትም ልጅዎን ይላኩት።

የሌሊት ተረኛ የሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያ ትምህርቱን «በዕረፍት ቀንህ ቤትህ ጨርስ» ተብሏል።

ቀጣሪው ያዘዘው ሥልጠና ሥራ ነው። ለክፍል ትምህርት ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ ይሰጥ የነበረ መሥሪያ ቤት ትምህርቱ ወደ ስልክ ስለገባ ብቻ ጊዜውን መንጠቅ የለበትም። በሥራ ፕሮግራምህ ላይ ሰዓቱ እንዲያዝልህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ሌሊቱን ካደርክ በኋላ ባለው ጠዋት እንዳይሆን ግን አደራ። ስለ ክፍያው የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክር።

በሥልጠናው የቴሌግራም ቡድን የታካሚ ቁስል ፎቶ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ ቢለጠፍ ችግር አለው?

አለው። ሰው የሚታወቀው በፊቱ ብቻ አይደለም፤ ንቅሳቱ፣ በእጁ አንጓ ላይ የታሰረው መለያ፣ ከጀርባው የሚታየው የአልጋ ቁጥር ሁሉ ይናገራል። ፎቶው አባላቱ ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። የታካሚው ፈቃድና ተቋሙ ለዚህ የፈቀደው መንገድ ከሌለ አይለጥፉ። የለጠፉት ካለ ዛሬውኑ አጥፍተው በተቋሙ የታካሚ ምስጢር ለሚመለከተው ኃላፊ ያሳውቁ፤ በዚህ የእኔ ምክር አይበቃም።

ስፔሻሊስት በሌለበት ሩቅ ቦታ የምትሠራ ሐኪም «ኦንላይን ለእኔ ዓይነቷ ከንግግር ያልፋል?» ትላለች።

ያልፋል። ሳንጂቭ አሮራ የተባለ የጉበት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ «ፕሮጀክት ኤኮ»ን ሲጀምር፣ በየገጠሩ ያሉ ሐኪሞች የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎቻቸውን ጉዳይ በቪዲዮ ለስፔሻሊስቶች እያቀረቡ እንዲወያዩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት በእነዚህ ሐኪሞች እጅ የታከሙት ከዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ታካሚዎች ጋር ተቀራራቢ የመዳን ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። እዚያ ሐኪሟ የራሷን ታካሚ ጉዳይ ይዛ ትቀርባለች፣ ትጠየቃለች፣ በሚቀጥለው ጊዜም የደረሰችበትን ትናገራለች። እንዲህ ያለ ቡድን ፈልጊ፤ ስትመርጪም መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ተናጋሪዎቹ ዝና ሳይሆን የራስሽን ታካሚ ጉዳይ ለማቅረብ ተራ እንደሚደርስሽ ይሁን።